ኤፍዲጂ ሲገመገም፦ ካንሰርን ሳይሆን ስኳርን የሚያይ መርፌ

ሲሪንጅ ውስጥ ሲያዩት ውሃ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። መጠኑም ከጥቂት ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ከውሃ የሚለየው የተንግስተን ወይም የእርሳስ ካባ ለብሶ መምጣቱና በየ110 ደቂቃው የጨረር ጉልበቱ በግማሽ መቀነሱ ነው። ሙሉ ስሙ ፍሎሮዲኦክሲግሉኮስ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን ሁሉም ኤፍዲጂ ይለዋል። «ፔት ስካን ታዘዘልኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የታዘዘለት ይኸው ነው። የፔት ማሽኑ ከሰውነት የሚወጣን ጨረር የሚቀርጽ ካሜራ ነው፤ ምን እንደሚታይ የሚወስነው መርፌው ነው። ስለዚህ የምንገመግመው ማሽኑን ሳይሆን መርፌውን ነው።

ፍርዱን ከመጀመሪያው እናስቀምጠው። ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር)፣ የሳንባ ካንሰር፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር፣ የአንገትና የጉሮሮ ካንሰር፣ ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት)፦ በእነዚህ ላይ ኤፍዲጂ ዋጋውን ያወጣል። ለተለመደው የፕሮስቴት ካንሰር ግን ገንዘብ ማባከን ነው ለማለት ጥቂት ይቀረናል። የቀረው በመሃል ነው። መሃል ላለው ደግሞ ከመርፌው በፊት ያሉት 24 ሰዓታት ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ምርመራውን የሚያበላሸው ማሽኑ ሳይሆን ወጥ ቤቱ ነው።

ስኳር መስሎ መግባት

ኤፍዲጂ ግሉኮስ ነው፤ ሁለተኛው ካርቦን ላይ የነበረው ሃይድሮክሲል፣ ማለትም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቁራጭ፣ ወጥቶ በቦታው ጨረር የሚሰጠው ፍሎሪን-18 የገባበት ግሉኮስ። ሴሉ ልዩነቱን በር ላይ አያውቀውም። እንደ ስኳር ተቀብሎ ያስገባዋል፤ ሄክሶኪኔዝ የተባለው ኤንዛይምም እንደ ደንቡ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ቀጣዩ ኤንዛይም ግን የጎደለችውን ቁራጭ ሲፈልግ ያጣታል። ወደፊት አይሄድ፣ ወደ ኋላ አይመለስ፤ ሴሉ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ፍሎሪን-18 ሲፈርስ ፖዚትሮን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ኤሌክትሮን፣ ያወጣል፤ ፖዚትሮኑ አጠገቡ ካለ ኤሌክትሮን ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ይጠፉና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚበሩ ሁለት ጨረሮች ይወለዳሉ፤ የእያንዳንዳቸው ጉልበት 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የፔት ማሽኑ ቀለበት ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ሲይዝ መነሻቸው በመካከላቸው ባለው መስመር ላይ እንደሆነ ያውቃል። ይህ በሚሊዮን ሲደጋገም ምስል ይሆናል።

የካንሰር ሴል ስኳር በብዛት እንደሚያነድ ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ በ1920ዎቹ አሳይቷል። ችግሩ ስኳር የሚያነደው ካንሰር ብቻ አለመሆኑ ነው። አንጎል ያለማቋረጥ ያነዳል፤ ልብ እንደ አመጋገቡ ያነዳል፤ ኢንፌክሽን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴልም ያነዳል። እንዲያውም ኤፍዲጂ የተሠራው ለካንሰር አልነበረም። በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተዘጋጅቶ በ1976 እ.ኤ.አ. ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሲሰጥ የሚፈለገው አንጎልን ማየት ነበር። የካንሰር ሥራው በኋላ የመጣ ነው። ይህን የሚያስታውስ ሰው የምርመራ ወረቀቱን ሲያነብ ብዙ አይደናገጥም።

ከሳይክሎትሮን እስከ ክንድ

ይህ መድኃኒት ከመደርደሪያ አይወርድም። በምርመራው ዕለት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት፣ ይመረታል። ሳይክሎትሮን የተባለው ማሽን ፕሮቶኖችን እያሽከረከረ ብዙ ጊዜ ከ11 እስከ 18 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ጉልበት ይተኩሳል፤ ዒላማው 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ተራ ውሃ ግን አይደለም፤ ኦክስጅኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባዱ ኦክስጅን፣ ኦክስጅን-18፣ የሆነ ውድ ውሃ ነው። ፕሮቶን ይገባል፣ ኒውትሮን ይወጣል፣ ኦክስጅኑ ፍሎሪን ይሆናል።

አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ከተተኮሰ በኋላ ውሃው በቀጭን ቱቦ ወደ እርሳስ ሳጥን ይገፋል። እዚያ ያለው አውቶማቲክ መሣሪያ ፍሎራይዱን፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የተወለደውን ፍሎሪን፣ በትንሽ ካርትሪጅ ይይዘዋል፤ በፖታሲየም ካርቦኔትና ክሪፕቶፊክስ በሚባል ውህድ አጥቦ ያወጣዋል፤ ከዚያ በአሴቶናይትራይል እያተነነ ያደርቀዋል። ብዙ ምርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ እርጥበት ከቀረ ፍሎራይዱ በውሃ ተከብቦ ይቀመጥና ከስኳሩ ጋር አልጣበቅ ይላል። የደረቀው ፍሎራይድ ማኖስ ትራይፍሌት ከተባለው መነሻ ጋር ይሞቃል፤ የስኳሩ መሸፈኛዎች በአሲድ ወይም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይገፈፋሉ፤ ፈሳሹ በተከታታይ ማጽጃዎችና በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያልፋል። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ይህን መንገድ የቀየሱት በ1986 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ዩሊሽ ከተማ ያሉ ኬሚስቶች ናቸው፤ እስከ ዛሬም ዓለም የሚሠራበት እርሱ ነው።

ከዚያ ፍተሻው። በአሜሪካው የመድኃኒት መመዘኛ መሠረት ፒኤችው፣ ማለትም የአሲድነት ልኩ፣ ከ4.5 እስከ 7.5 መሆን አለበት፤ ከጨረሩ ቢያንስ 90 በመቶው እውነተኛ ኤፍዲጂ ላይ የተቀመጠ መሆን አለበት፤ ክሪፕቶፊክሱ መርዛማ ስለሆነ በሚሊ ሊትር ከ50 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። የማጣሪያው ጤንነት በግፊት ይፈተሻል። የሚያስገርመው የጀርም ፍተሻው ነው፦ 14 ቀን ይፈጃል። ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱ ከጠፋ፣ ታካሚውም ወደ ቤቱ ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ስለዚህ ንጽሕናውን የሚጠብቀው የመጨረሻው ፍተሻ ሳይሆን የአሠራሩ ሥርዓት ነው።

ፍተሻው ያመለጠው ጉድለት ምስሉ ላይ ራሱን ያጋልጣል። ከስኳሩ ያልተጣበቀ ነጻ ፍሎራይድ በብዛት ከቀረ አጥንት ይወደዋል፤ አከርካሪው፣ የጎድን አጥንቱ፣ ዳሌው ወጥ በሆነ መልኩ ይበራል። ልምድ ያለው አንባቢ የኬሚስትሪ ችግር መሆኑን ይጠረጥራል፤ ልምድ የሌለው «መቅኔው በሙሉ ተነክቷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

የጊዜው ሒሳብ ርኅራኄ የለውም። ቤክሬል የጨረር አመንጪነት መለኪያ ነው። ለአንድ ታካሚ 370 ሜጋቤክሬል፣ በድሮው መለኪያ 10 ሚሊኩሪ፣ የሚያስፈልግ ቢሆንና መድኃኒቱ የ4 ሰዓት መንገድ ተጉዞ ቢመጣ፣ ፋብሪካው 1,680 ሜጋቤክሬል ያህል ጭኖ መላክ አለበት። መንገዱ፣ ጉምሩኩና ጥበቃው ተደምሮ 5 ሰዓት ተኩል ከፈጀ ደግሞ ስምንት እጥፍ። የፔት ማዕከል ለሳይክሎትሮን ቅርብ መሆኑ ዋጋውንም የቀጠሮውንም አስተማማኝነት የሚለውጠው ለዚህ ነው። ናይሮቢ የሚገኘው የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የራሱ ሳይክሎትሮን አለው፤ በየአገሩ ያሉ ትልልቅ ማዕከላትም እንዲሁ። ከሩቅ የሚያስመጣ ቦታ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ግን አንዲት መኪና ስትበላሽ የዕለቱ ቀጠሮ ሁሉ ይሰረዛል። ለምርመራ ከአገር ቤት ወደ ውጭ የሚጓዝ ሰው የመመለሻ ትኬቱን በማግሥቱ አይቁረጥ።

የሐበሻ ቀጠሮም እዚህ አይሠራም። 55 ደቂቃ ያረፈደ ሰው 30 በመቶ የሚሆነው መድኃኒቱ ሲሪንጅ ውስጥ ቀልጦ ይጠብቀዋል።

ዋዜማው

ደንቡ አጭር ነው፦ ከመርፌው በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምንም ምግብ አለመብላት፣ ውሃ ብቻ መጠጣት። ብዙ ማዕከላት 6 ይላሉ። ደንቡ አማርኛ ሲሆን ግን አደጋ አለው። «6 ሰዓት ይጹሙ» የተባለ ሰው «እስከ ቀትር» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ ውጭ አገር የኖረው ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ሊቆጥረው ይችላል። ስልክ ደውሎ የሚነግርዎትን ሰው «የመጨረሻውን ጉርሻ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምጎርሰው?» ብለው ሰዓቱን ያስጠሩት።

ጾሙ ለምን? ምግብ ኢንሱሊን ያስነሣል፤ ኢንሱሊን ደግሞ የጡንቻንና የልብን በር ለስኳር ይከፍታል። ኤፍዲጂው ወደ ዕጢው ከመሄድ ይልቅ ጭንና ትከሻ ውስጥ ይበተናል። ምስሉ ላይ ሰውየው የጡንቻ ሐውልት ይመስላል፤ ዕጢው ደብዝዞ ይቀራል። ያ ምርመራ ይደገማል፤ ብዙ ጊዜም በታካሚው ኪሳራ።

ከጾሙ በፊት ባለው ቀን ስታርችና ስኳር መቀነስም ይመከራል፤ በተለይ ዕጢው ከልብ አጠገብ ከሆነ። ከሆስፒታሉ የሚሰጠው ወረቀት «ፓስታና ዳቦ አይብሉ» ይላል እንጂ እንጀራን አያነሳም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። እንጀራ ስታርች ነው። «ጤፍ የደም ስኳር አይጨምርም» የሚለውን ወሬ ለዚያ ቀን ይርሱት። ቆጮ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ገንፎ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሙዝ፣ ማር፣ ጠጅ፣ ለስላሳ፦ ሁሉም ይቅር። የሚበላው ያለ እንጀራ ጥብስ፣ ጎመን በሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ዓሣ፣ ሰላጣ ነው። ክትፎም ያለ ቆጮ ይሆናል፤ ኬሞ ላይ ላለ ሰው ግን በደንብ የበሰለው እንጂ ጥሬውም ለብለቡም አይመከርም።

የሚከብደው በጾም ወቅት ነው። በሁዳዴ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት የተከለከለ ሰው ሽሮውንና ምስሩንም ሲከለከል ምን ቀረው? ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ እንጉዳይ፣ አቮካዶ፣ ጥቂት ለውዝ፣ ዘይት። ለአንድ ቀን ያዘልቃል። ዓሣውን ለንስሐ አባትዎ እንተወዋለን። ረመዳን ላይ ያለ ታካሚ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፦ ይህ ምርመራ ውሃ ይፈልጋል። ከመርፌው በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ወደ 1 ሊትር ውሃ መጠጣት ይመከራል፤ ውሃ የማይጠጣ ሰው ኤፍዲጂውን ከኩላሊቱና ከፊኛው አያጥብም። በተምርና በሳምቡሳ ያፈጠረ ሰው ሌሊት ለስሑር ዳግመኛ ከበላ ሰዓቱን ማስላት አለበት። ቀጠሮውን ማዛወር ከሁሉም ይቀላል።

ቡና ያለ ስኳርም ቢሆን ብዙ ማዕከላት ይከለክሉታል። ጸበል ውሃ ነው፤ ይጠጣል።

እንቅስቃሴ ሌላው ወጥመድ ነው። ከ24 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከባድ ሥራና ስፖርት ይቅር። ዋዜማውን ሰርግ ቤት እስክስታ ሲወርድ ያመሸ ሰው የትከሻና የአንገት ጡንቻው ሊበራ ይችላል፤ አንገት ላይ ደግሞ ንፍፊት የሚፈለግበት ቦታ ነው። በሰሙነ ሕማማት ሲሰግድ የዋለ ጭኑ ይናገራል። ማስቲካም ጫትም ማኘክ የመንጋጋን ጡንቻ ያበራል። ጉሮሮው ለሚመረመር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብርድም አለ። በተለይ ቀጭንና ወጣት በሆነ ሰው አንገትና ደረት አካባቢ ያለው ቡናማ ስብ ሙቀት ለማመንጨት ስኳር ያነዳል። ጥር ወር ላይ ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር ለሚኖር ሰው ምክሩ አንድ ነው፦ መኪናውን አሙቀው፣ ወፍራም ለብሰው ይሂዱ፣ ብርድ ልብስ ይጠይቁ። ብርዱ ከመርፌው በፊት ነው የሚከላከሉት፤ ከገባ በኋላ ሲሞቁ ዋጋ የለውም።

ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ነገሩ ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነገራል። በጣት የሚለካው የደም ስኳር ከ200 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር በላይ ከሆነ ብዙ ማዕከላት ቀጠሮውን ያዛውራሉ፤ ተራው ግሉኮስ በዝቶ ኤፍዲጂውን ከበሩ ላይ ይገፋዋልና። ስኳሩን ለማውረድ ፈጣን ኢንሱሊን ወግቶ ወዲያው ኤፍዲጂ መስጠት ከስህተት ሁሉ የከፋ ነው፤ በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሰዓት ይፈለጋል። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን ደግሞ አንጀትን በሙሉ ያበራል፤ ሆድ ውስጥ ለሚፈለግ ዕጢ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲቆም የሚያዝዙ አሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን ማንም በራሱ አያቁም።

የአንድ ሰዓት ዝምታ

መርፌው ራሱ ከደም ናሙና መርፌ አይለይም፤ አያቃጥልም፣ አያሞቅም። ጥሩ ነርስ መጀመሪያ ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) አስገብታ በጨው ውሃ ትፈትሻለች። ከደም ሥር ውጭ የፈሰሰ ኤፍዲጂ ሁለት ጉዳት አለው፦ ክንድ ውስጥ የቀረው መጠን ዕጢው ጋ ስለማይደርስ ቁጥሩ ሁሉ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ የፈሰሰውም በሊምፍ ቧንቧ ተጉዞ የዚያን ወገን የብብት ንፍፊት ያበራል። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት መርፌውን በጤነኛው ጡት በኩል ባለው ክንድ እንድትወጋ የሚደረገው ለዚህም ነው። በቅርቡ ክትባት የወሰደ ሰው የትኛው ክንድና መቼ እንደሆነ ይናገር፤ ክትባትም ብብት ያበራል።

ከዚያ 60 ደቂቃ ያህል ተጋድሞ መጠበቅ ነው። ወሬ የለም፤ የሚያወራ ሰው የድምፅ አውታር ጡንቻዎቹ ይበራሉ። ስልክ መጎርጎርም የክንድ ጡንቻ ያሠራል። ለእኛ ሰው የሚከብደው ግን ሌላ ነው፦ ጠያቂ ይዞ መግባት የለም። ታካሚው አሁን ጨረር ይሰጣል፤ 370 ሜጋቤክሬል የወሰደ ሰው በ1 ሜትር ርቀት ላይ በሰዓት ወደ 34 ማይክሮሲቨርት ያወጣል (ሲቨርት ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ ነው)። ርቀቱ 2 ሜትር ሲሆን ሩብ ይሆናል። እናት ልጇን ብታጅብ ከመጠበቂያው ክፍል ውጭ ትቀመጥ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ልጅ ግን ባይመጡ ይሻላል። የምታጠባ ሴት ጡት ማጥባቱንና ሕፃኑን ማቀፉን ለስንት ሰዓት እንደምታቋርጥ ቀድማ ትጠይቅ፤ ያረገዘች የመሰላትም ከመርፌው በፊት ትናገር።

ወደ ማሽኑ ከመግባት በፊት ሽንት ቤት መሄድ ግዴታ ነው። ኩላሊት እውነተኛውን ግሉኮስ መልሶ ይሰበስባል፤ ኤፍዲጂን ግን በደንብ አይሰበስብም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ አምስተኛው ያህል ፊኛ ውስጥ ይገኛል። የሞላ ፊኛ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል፤ የማሕፀን በር ዕጢንም ጭምር። ቀረጻው ከራስ ቅል ሥር እስከ ጭን አጋማሽ፣ እንደ ማሽኑ ዓይነት 20 ደቂቃ ያህል ነው። እጅ ወደ ላይ ይሆናል፤ ትከሻ የሚያማቸው አስቀድመው ይናገሩ።

ወረቀቱ ሲመጣ

ወረቀቱ ላይ ዓይን የሚገባው ኤስዩቪ የሚባለው ቁጥር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ዕጢው ውስጥ ያለው የመድኃኒት ክምችት፣ መድኃኒቱ በሰውነቱ በሙሉ እኩል ቢበተን ኖሮ ሊኖር ለሚችለው ክምችት ሲካፈል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 350 ሜጋቤክሬል ቢወስድ አማካዩ በግራም 5 ኪሎቤክሬል ነው። ዕጢው 25 ካሳየ ኤስዩቪው 5 ይሆናል። አሁን ክብደቱ በስህተት 80 ተብሎ ቢጻፍ ያው ዕጢ 5.7 ይሆናል፤ «በሽታው ጨምሯል» ለማለት የሚያስቸኩል ቁጥር። ሚዛን ላይ ሳይወጡ ክብደትዎን በቃል ከጠየቁዎት «ይመዝኑኝ» ይበሉ።

ሰዓቱም እንዲሁ። ብዙ ዕጢዎች ኤፍዲጂን ከ60ኛው ደቂቃ በኋላም መዋጥ ይቀጥላሉ። ያለፈው ምርመራ በ60ኛው፣ የአሁኑ በ90ኛው ደቂቃ የተቀረጸ ከሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር ተልባ ከኑግ ማወዳደር ነው። ልዩነቱ ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ሊምፎማ ላይ ግን አንባቢው ከቁጥር ይልቅ ዴውቪል የተባለውን ከ1 እስከ 5 ያለ ደረጃ ይጠቀማል፤ ዋና ማወዳደሪያው የታካሚው የራሱ ጉበት ነው። ብርሃኑ ከጉበት ካልበለጠ፣ ማለትም እስከ 3 ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው። ይህ ከኤስዩቪ ብቻውን የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

ለኢትዮጵያ ታካሚ የኤፍዲጂ ትልቁ ድክመት ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ነው። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የነቀርሳ ቁስል ደግሞ በነጭ የደም ሴሎች የተሞላ ስለሆነ እንደ ካንሰር ይበራል። አንዳንዱ መጽሐፍ «ኤስዩቪ ከ2.5 በላይ ከሆነ ካንሰር ነው» ይል ነበር፤ ነቀርሳ ይህን ቁጥር በቀላሉ ያልፈዋል። ሳርኮይዶሲስ የተባለው ካንሰር ያልሆነ የእብጠት በሽታም፣ የፈንገስ ኢንፌክሽንም፣ በኤችአይቪ ያበጠ ንፍፊትም ይበራሉ። በልጅነቱ ወይም በቤተሰቡ የነቀርሳ ታሪክ ያለው ሰው፣ ውጭ አገር ሐኪሙ ባይጠይቀውም፣ በጽሑፍ ያሳውቅ። ኤፍዲጂ የቱ ጋ ናሙና እንደሚወሰድ ይጠቁማል እንጂ ናሙናን አይተካም። በባዮፕሲ ሳይረጋገጥ በበራ ምስል ብቻ ኬሞ መጀመር የሚመክር ሰው ካጋጠመዎ ሁለተኛ ሐኪም ይጠይቁ።

ከሕክምና በኋላ መቸኮልም ያሳስታል። ጨረር የወሰደ አካል ይቆጣል፣ ይበራልም፤ 3 ወር ያህል መጠበቅ ይመከራል። ከሊምፎማ ኬሞ ማብቂያ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። ነጭ የደም ሴል የሚያሳድገውን መርፌ የወሰደ ሰው መቅኔው በሙሉ ይበራል፤ ይህን ከበሽታ መለየት ያለ ቀን መዝገብ አስቸጋሪ ነው።

በማይሠራበት ቦታ

የማይበራ ካንሰርም አለ፤ ይህ ከሐሰት ብርሃን ይከፋል። ቀስ ብሎ የሚያድግ የጉበት ካንሰር ፎስፌቱን የሚነቅል ኤንዛይም ስላለው ኤፍዲጂውን ፈትቶ ይለቀዋል። ንፍጥ የሚያመነጩ የአንጀትና የጨጓራ ዕጢዎች ሴላቸው ጥቂት ስለሆነ ይደበዝዛሉ። ሎቡላር የሚባለው የጡት ካንሰርም ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ከ8 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የሳንባ ቋጠሮ ሳይበራ ቢቀር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ትንሽ ስለሆነና ከትንፋሽ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ብርሃኑ ይበተናል።

ለፕሮስቴት ትክክለኛው መርፌ ፒኤስኤምኤ የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልግ ነው፤ በጋሊየም-68 ወይም በፍሎሪን-18 ይሠራል። አውስትራሊያ ውስጥ በ302 ወንዶች ላይ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከፍተኛ ስጋት ባለው የፕሮስቴት ካንሰር የፒኤስኤምኤ ፔት ትክክለኛነት 92 በመቶ፣ የሲቲ (በኤክስሬይ የሚነሣ የሰውነት ምስል) እና የአጥንት ስካን ጥምር 65 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። ጾምም አይጠይቅም። የራሱ ጣጣ አለው፤ ጋንግሊያ የሚባሉትን የነርቭ ቋጠሮዎች፣ የምራቅ ዕጢዎችንና አንዳንድ ጉዳት የሌለበትን የጎድን አጥንት ያበራል። ከእርሱ በፊት በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያጸደቀችው ፍሉሲክሎቪን የሚባል ሌላ የፕሮስቴት መርፌ ነበር፤ የንግድ ስሙ አክሱሚን ነው። አክሱምን ቢያስታውስም ሐውልት አያሳይም። ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች ለሚነሡና ቀስ ብለው ለሚያድጉ የኒውሮኢንዶክሪን ዕጢዎች ደግሞ ዶታቴት የተባለው መርፌ ይመረጣል። ሐኪም ፔት ሲያዝ «በየትኛው ትሬሰር (ጨረር ያለው መርፌ)?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

የጨረሩ መጠን? 370 ሜጋቤክሬል ኤፍዲጂ ለአዋቂ ሰው 7 ሚሊሲቨርት ያህል ይሰጣል፤ ከፔቱ ጋር አብሮ የሚነሣው ሲቲ እንደ ዓይነቱ ይጨመርበታል። ሰው በዓለም አማካይ ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ለታወቀ ወይም በጽኑ ለተጠረጠረ ካንሰር ይህ አያስጨንቅም። ምንም ምልክት ሳይኖር «ለማረጋገጥ ያህል» ለሚፈልግ ጤነኛ ሰው ግን አንመክርም፤ ገንዘቡን ያወጣል፣ ጨረሩን ይወስዳል፣ ከዚያም የድሮ ነቀርሳ ጠባሳ በርቶ ወራት ሲንገላታ ይከርማል።

ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረው ከ8,000 አንድ እጅ በታች ነው። በዚያው ዕለት ማታ የሚበር ሰው ግን የአየር ማረፊያን የጨረር ጠቋሚ ሊያስጮህ ይችላል፤ ማዕከሉ ቀኑንና የመድኃኒቱን ስም የያዘ ደብዳቤ ይስጠው።

ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት ይጠይቁ፦ መድኃኒቱን፣ ሲቲውን በቀለም መርፌ ወይስ ያለ እርሱ፣ ንባቡን፣ የምስሉን ቅጂ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ ወይም መድኃኒቱ ሳይመጣ ቢቀር ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ወረቀቱ ላይ የተሰጠው መጠን፣ የተወጋበትና የተቀረጸበት ሰዓት፣ የደም ስኳሩና ክብደቱ ተጽፈው ካልተገኙ ያስጽፉ፤ ቀጣዩን ምርመራም ከተቻለ በዚያው ማሽን ያድርጉ። ፎቶ የታተመበት ወረቀት ለሌላ ሐኪም ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ የሚፈለገው ዳይኮም የሚባለው ሙሉ ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ ነው። ከመውጣትዎ በፊት እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንዲከፍቱልዎ ይጠይቁ፤ ባዶ ሆኖ የሚገኝ ሲዲ አይጠፋም።